ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ

ቱሉ ዲምቱም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ለደላላ ሁሉም ቤት ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ ነው። በእግር ይሁን በባጃጅ ወይስ በጸሎት አይነግራችሁም። የኪራይ ዋጋ የሚተነብይ ሪግሬሽን (ዋጋውን ከቤቱ ባሕርያት የሚያሰላ ቀመር) ልሥራ ብሎ ይህን የመዘገበ ሰው ገና ከበሩ ተበልቷል፤ አርባውም ቤት «2» ከሆነ፣ የማይለያይ ቁጥር የዋጋን ልዩነት ከየት አምጥቶ ያስረዳል? ርቀቱ በሜትር ይለካ፣ ያውም በኮብልስቶኑ በኩል።

ቀጥሎ ስስት ይመጣል። 40 ቤት ይዞ 25 ተለዋዋጭ፣ ማለትም ዋጋውን ያስረዳሉ የተባሉ ባሕርያት፦ ካሬ ሜትር፣ የመኝታ ብዛት፣ ሮቶ አለ የለም፣ የበሩ ቀለም፣ የጎረቤት ዶሮ። ቀመሩ የዋጋውን ልዩነት ምን ያህል እንዳስረዳ የሚለካው አር ስኩዌር ይሉኝታ የለውም፤ ዶሮዋንም ቢጨምሩለት ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ለአንድ ተለዋዋጭ ቢያንስ 10 ቤት የሚባለው ለዚህ ነው። 40 ቤት ያለው አራት ይምረጥ፣ ዶሮዋን ለፋሲካ ይተዋት።

ካሬ ሜትርንና የመኝታ ብዛትን አብሮ ማስገባት አንድን መርዶ በሁለት ዘመድ ማስነገር ነው። ቪአይኤፍ (አንዱ ተለዋዋጭ የሌሎቹን ወሬ ምን ያህል እንደሚደግም የሚለካው) ከ10 ሲያልፍ የመኝታው ቁጥር ከመደመር ወደ መቀነስ ተገልብጦ «መኝታ ሲጨመር ኪራይ ይቀንሳል» የሚል ጉድ ሊወጣ ይችላል። ትንበያውን ብዙም ላይጎዳው ይችላል፤ ለተከራይ ግን እንዳታሳዩት።

ፎቅ ብቻውን አይታመንም። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም የውሃው ግፊት ሲደክም አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧው ያፏጫል፤ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣውም በየደረጃው ያርፋል። ውሃ በማይጠፋበት ብሎክ ግን ያው አራተኛ ፎቅ «ነፋሻማ» ይባላል። እንግዲህ ፎቁን «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል» ከሚለው ጋር አባዝቶ አንድ ተጨማሪ ተለዋዋጭ ማድረግ ነው።

ብልጥ ነኝ ባዩ ደግሞ የደላላውን ኮሚሽን ያስገባል። ትንበያው ጠንቋይ ያስንቃል። ያስንቃላ! ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከኪራዩ በመቶኛ ነው፤ ኪራዩ ሳይታወቅ ማን ያውቀዋል?

ምርጫው የከበደው፣ ሮበርት ቲብሺራኒ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረበውን ላሶ የተባለ ዘዴ ይሞክር፤ በየተለዋዋጩ ማባዣ ቁጥር መጠን ቅጣት እየጣለ፣ እምብዛም የማይጠቅመውን ቁጥሩን ዜሮ አድርጎ ያሰናብታል። አስቀድሞ ሁሉም ወደ አንድ ሚዛን ይምጣ፤ አለዚያ ርቀቱ በሜትር ሲጻፍና በኪሎ ሜትር ሲጻፍ ቅጣቱ ይለያያል። ከዚያ ቤቶቹን አምስት ቦታ ከፍሎ፣ በአራቱ መርጦ በአምስተኛው መፈተን፣ ተራውንም እያዟዟሩ፤ ምርጫውም በየዙሩ ከዜሮ ይጀመር።

አከራይዋ «የእህቴ ልጅ ሊገባበት ነው» ብለው ዋጋ የሚጨምሩበት ወር በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ ግን ላሶም አያውቅም።