ባዶ ያልናቸው ባይቶች

«ሜሞሪ እንደሁ ርካሽ ነው» የሚለው አባባል ፕሮግራመሮችን አስንፎናል። በሲ ቋንቋ አንድ ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ የሚይዝ ስብስብ) ውስጥ ቻር (የ1 ባይት ፊደል)፣ ቀጥሎ ደብል (የ8 ባይት አስርዮሽ ቁጥር)፣ ከዚያ ሌላ ቻር አስቀምጡና መጠንን በባይት በሚነግረው ሳይዝኦፍ ለኩት። 1፣ 8 እና 1 ሲደመር 10 ነው፤ የተለመደው ባለ 64 ቢት ማሽን ላይ ግን 24 ይላችኋል። 14ቱ ባይት ፓዲንግ፣ ማለትም ባዶ መሙያ ነው።

ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመውን ፕሮግራም) አትውቀሱት። ደብሉ አድራሻው ለ8 የሚካፈል ቦታ ላይ ማረፍ ስላለበት ከመጀመሪያው ቻር በኋላ 7 ባይት ይዘለላል። መጨረሻ ላይ የሚጨመሩት 7ቱ ደግሞ (ብዙ ሰው የሚረሳቸው እነዚህን ነው) ስትራክቱ አሬይ (ተከታታይ ዝርዝር) ውስጥ ሲደረደር የሚቀጥለው ደብልም ቦታውን እንዳይስት ነው። ደብሉን ወደ ላይ አውጡት፣ ቻሮቹን አስከትሉ፤ 24 የነበረው 16 ይሆናል። አንድ መስመር ከማዘዋወር ሌላ ልፋት የለውም። 10 ሚሊዮን መዝገብ ሲሆን 80 ሚሊዮን ባይት ተረፈ ማለት ነው። ባለ 64 ባይት የካሽ መስመር (ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ክፍል) ላይም ሦስት እንኳ የማይሞላው አራት ይገባል።

ይህን ኮምፓይለሩ ራሱ ለምን አያደርገውም? የሲ ስታንዳርድ ፊልዶቹ (የስትራክቱ አባላት) በተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲቀመጡ ያስገድዳል። ራስት የተባለው ቋንቋ ካልከለከሉት በስተቀር ራሱ ማዘዋወር ይችላል፤ በእኔ እምነት ትክክለኛው ውሳኔ ይሄ ነው።

የማልስማማው ፓዲንግ ባዩ ቁጥር ፓክድ (ያለ ፓዲንግ አጠጋግተህ አስቀምጥ የሚል ትእዛዝ) ከሚለጥፉ ሰዎች ጋር ነው። አዎ፣ 10 ባይት ታገኛላችሁ። ደብሉ ግን ያለቦታው ይቀመጣል። ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ዓይነት) አብዛኛውን ጊዜ ችሎ ያልፈዋል፤ እንዲህ ያለውን አድራሻ የማይቀበል ፕሮሰሰር ላይ ግን የዚያ ደብል ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻው) ለሌላ ፈንክሽን ሲሰጥ ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል።

ከብክነቱ ይልቅ እኔን ያስለፋኝ ሌላ ነው። ሁለት ስትራክቶችን ባይት በባይት በሚያነጻጽረው ሜምሲኤምፒ ፈንክሽን አነጻጽሬ «ይለያያሉ» አለኝ። ዲበገሩ (ስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም) ላይ ፊልዶቹ አንድ በአንድ እኩል ናቸው። ግማሽ ቀን ከፈጀሁ በኋላ ጥሬ ባይቶቹን ዘርግቼ ሳይ ልዩነቱ ያለው ፓዲንጉ ውስጥ ነው፤ ቀድሞ እዚያ የነበረ ዳታ ትራፊ። ስትራክቱን እንዳለ ፋይል ላይ ብጽፈው ወይም በኔትወርክ ብልከው ኖሮ ያ ትራፊ አብሮ ይወጣ ነበር።