እርማት፦ «አገሯ ገብታለች፣ በራሱ ይለቃታል» ስለሚባለው

ከዓረብ አገር ወደ ጅማ የተመለሰች ጎረቤትዎ ሌሊት እየባነነች እንደምትነሳ ገልጸው «አገሯ ገብታለች፣ በራሱ ይለቃታል» ማለትዎ የብዙዎቻችን ስሕተት በመሆኑ ሊታረም ይገባል። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም፣ ማለትም ቅዠቱ፣ መደንበሩ፣ የደረሰባትን የሚያስታውሳትን ሁሉ መሸሹ፣ ከ1 ወር በላይ ሲዘልቅ ሕመም መሆኑ በሐኪም የሚለይ ሲሆን፣ አንዳንዴም ሰውየው ከአደጋው ከራቀ ከወራት በኋላ ይጀምራል። እርግጥ ያለ ሕክምና የሚያገግሙ አሉ። ነገር ግን ፓስፖርቷ ተይዞባትና ደመወዟን ተከልክላ ባዶ እጇን ለተመለሰች ሴት፣ የቤተሰቡ ዕዳና እኛው በቡና ላይ የምንጠይቃት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ሕመሙን ያባብሱታል። ጸሎቱም ዱዓውም ከሕክምና ጋር አይጋጭም፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሳትፈልግ የደረሰባትን እንድትተርክ ግን አያስገድዷት።