አሉላ ገደሉ ላይ ይቅር ወይስ ይውረድ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት ላይ ናፓሊ የሚሉት የባሕር ዳር ገደል አለ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይበቅሉ ዕፅዋት የተረፉት እዚያ ነው፤ አሉላ የሚባለው ተክል አንዱ ነው። ባሉበት እንተዋቸው ወይስ ሰው ገብቶ ዘራቸውን ያውርድ?

ይቅር ባይ፦ ጣጣው የመጣው በፍየል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1778 ወዲህ የአውሮፓ መርከበኞች ፍየል አምጥተው ለቀቁ። የደሴቶቹ ዕፅዋት ግን እንዲህ ያለ ጥርስ አይተው አያውቁም፤ ብዙዎቹ እሾህ እንኳ የላቸውም። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ? የተረፈው ቀጥ ያለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነው። የኛን ዋልያስ ያተረፈው የሰሜን ተራሮች ገደል አይደል? ገደል ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው። ሰው ከገባ በጫማው የአረም ዘር ይዞ ይገባል።

ይውረድ ባይ፦ ወንድሜ፣ ፍየል ገደል አትወጣም ያለህ ማነው? ደግሞ ዘበኛ ያልከው ገደል ራሱ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1991 እዚያው አካባቢ ካላላው ሸለቆ ውስጥ ሂቢስከስ የሚባለው የአበባ ተክል ዘመድ የሆነ አንድ የዛፍ ዓይነት ተገኘ። የታወቁት 4 ብቻ ነበሩ። 3ቱን የተናደ ቋጥኝ ጨፈለቃቸው፣ አራተኛውም ደረቀ። ጠፋ ተብሎ ተመዘገበ።

አሉላንም እይ። (ስሙ እንደ ራስ አሉላ ነው፤ ዝምድና ግን የለውም።) ወፍራም ግንድ ላይ ጥቅል ጎመን የተቀመጠበት ይመስላል። አበባውን ያዳቅል የነበረው የእሳት እራት ጠፍቷል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የዕፅዋት ባለሙያዎች በገመድ እየተንጠለጠሉ፣ ብሩሽ ይዘው የአበባ ዱቄቱን በእጃቸው ያዳርሱለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢኒኪ የሚባለው አውሎ ነፋስ ከነበሩት ብዙዎቹን ጠራርጎ ወሰደ። ዛሬ ዘሩ ያልጠፋው ሰው አውርዶ ስላባዛው ነው።

ይቅር ባይ፦ አውሮፓ ውስጥ ሳሎን ያለ አሉላ ግን የማሰሮ አበባ ነው። ያ ጠፋ ያልከው የሂቢስከስ ዘመድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ምን ሆነ? ድሮን ሲላክ 3 ሌሎች ተገኙ። ማንም ሳይነካቸው ቆይተዋል!

ይውረድ ባይ፦ እሺ፣ ተገኙ። ሦስት ናቸው። ከበላያቸው ያለውን ቋጥኝስ ማን ይያዝላቸው?