ልዩ ልዩ

ወሬውን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። ያመጣውም በርጫ ላይ፣ ጫት ስንቅም ነው። በርጫ ላይ የመጣ ወሬ ምንጩ አይጠየቅም።

«ሐረር ግብር ቅናሽ ነው አሉ» አለ ጉንጩን ወጥሮ። «ክልል ነዋ አቦ! የራሱ ነው። ድሬ ግን የፌዴራል ነው፤ ልጠው ነው የሚወስዱብህ።»

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሳቅ ነበረብኝ። ግን ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቅ የማይሠራ ሰው የለም። እኔም ሁለተኛውን ወለል ጨርሼ ስለነበር ዝም ብዬ ሰማሁት።

ነገሩ ልቤ ውስጥ የቀረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መሥሪያ ቤታችን ሐረር ቅርንጫፍ ከፍቶ «በያዘው ደመወዝ የሚሄድ ማን ነው?» እያለ ነበር። ሁለተኛ፣ አከራያችን ሀጂ። ሀጂ በዚያው ሳምንት ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ አገኙኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቁ። ስለ ልጆቼ ጠየቁ። ስለ እናቴ ሲጠይቁ ግን ገባኝ። አከራይ እናት ድረስ ከሄደ ጭማሪ አለ። ነበረም።

ማታ የቀን መቁጠሪያ ገነጠልኩና ጀርባው ላይ መስመር አሰመርኩ። ግራ ድሬ፣ ቀኝ ሐረር። ደመወዝ 12,000 ብር። በ2017 በተሻሻለው አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የእኔ 30 በመቶ ላይ ደርሶ ይቆማል። ሲደመር ግብሩ 2,250 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጄ ላይ የሚደርሰው 8,910።

ወደ ሐረር ዓምድ ዞርኩ። 8,910።

እንደገና ደመርኩት። ያው ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እዚህም 15፣ እዚያም 15። የመብራት ታሪፍ፣ አንድ ነው። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችና «ካልኩሌተሩ ተበላሸ እንዴ?» አለች። አልተበላሸም። ክልሉ የራሱ አዋጅ ቢኖረውም መጠኑ ያው ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚገባበት ካዝና ነው። እኔ ደግሞ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ድሬ ቢያድር፣ ሐረር ቢያድር ምን ቸገረኝ?

ጓደኛዬን ደውዬ ነገርኩት። «እንግዲያው ሌላ ነገር ቅናሽ ይሆናል» አለ። አያፍርም።

ሌላውን ነገር መጻፍ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ሙቀት። የመብራት ታሪፉ አንድ ነው ብያለሁ። ድሬ ላይ ግን ቬንትሌተር የሚባል ቤተሰብ አለን። ከየካቲት ጀምሮ አይጠፋም። አንዱ ክንፉ ተጣሞ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አንገቱን እያዞረ ለሁሉም እኩል እንዲያደርስ ነበር የተሠራው። ዓምና አማቴ ወደተኙበት በኩል ዞሮ ቀረ። ሌሎቻችን ነፋሱን ከግድግዳ ላይ ሲመለስ ነው የምናገኘው። ቆጣሪው ደግሞ ብዙ በበላህ ቁጥር ዋጋ ይጨምርብሃል። ግንቦት ሲገባ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፣ አንሶላ በውሃ ይነከራል። የሀጂ ግቢ የሦስት ቤተሰብ መኝታ ቤት ይሆናል።

ሐረር ላይ ይህ ሁሉ ዜሮ ነው። ከድሬ ወደ 700 ሜትር ከፍ ይላል። በደስታ ዜሮ ጻፍኩ። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ቀማችኝና «ብርድ ልብስ» ብላ ጨመረች። ለአምስት ሰው። የልጆች ሹራብ። ከሰል። «ጋቢህም አለ» አልኳት። ከሻንጣ ሥር አወጣችውና ዘረጋችው። ብል ወንፊት አድርጎታል። በቀዳዳው ፊቷ ይታየኛል።

የቤት ኪራዩን ቶሎ ልለፈው። ደላላ የነገረኝ ዋጋና ሀጂ የጨመሩት ዋጋ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከሥር ሁልጊዜ እንደማደርገው «ልዩ ልዩ» ብዬ ትንሽ ቦታ ተውኩ። ሂሳብ ሠራተኛ የማያውቀውን ነገር የሚቀብርበት ቦታ ነው። ባለቤቴ ግን አይታ አላለፈችውም።

«እድሩስ?» አለች።

እድሩ! አሥራ አንድ ዓመት ከፍለናል። ድንኳኑን ተክያለሁ፣ ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ብረት ድስት ጠፋ ተብሎ ተቀጥቻለሁ። ጡረታ ይዛወራል። ደመወዝ ይዛወራል። እድር አይዛወርም። ሐረር ሄጄ ብሞት መመዝገቢያ ያልጨረስኩ አዲስ ሰው ሆኜ ነው የምሞተው።

«ቴሌቪዥኑስ?» አለች ቀጥላ። ቴሌቪዥኑ ከታይዋን ነው። ሀገሩን ማለቴ አይደለም፤ የድሬው ታይዋን ገበያ። በደህና ዋጋ ገዝተን፣ ሻጩን መርቀን ነው የወጣነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር ሁለታችንም ትዝ አላለንም። አሁን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ኬላ ላይ ቢጠየቅ ምን ይላል? አሥራ አምስት በመቶ እዚህም እዚያም አንድ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የት እንደተከፈለ ግን ቴሌቪዥኑ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ ባለሱቁ መጣ፣ ወር ጠብቆ የሚቀበለው የዱቤ ደብተሩን ይዞ። ሐረር ማን ያውቀኛል? ቀጥሎ እንግዳ መጣ። ግንቦት ላይ ሐረር ዘመድ የሌለው ድሬ የለም። አሁን ያ ዘመድ እኛ ልንሆን ነው። ባለቤቴ «ነፋስ ልንቀበል መጣን» ብለው ሊያድሩ የሚችሉትን በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አራት ላይ አስቆምኳት። ብርድ ልብሱ ከአምስት ወደ አሥራ ዘጠኝ ሊወጣ ነው።

ይህን ሂሳብ የጀመርነው እኛ አይደለንም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ መጥቶ የሐረርን ተራራ አልወጣም ሲል ነው ድሬ የተቆረቆረችው። ያኔ ስሟ «አዲስ ሐረር» ተብሎም ነበር። የሐረር ነጋዴ ግራና ቀኝ አሰመረ፣ ደመረ፣ ቆላ ወረደ። ልዩ ልዩን አልሞላም መሰለኝ። ባቡር አጠገብ ላብ ስንት እንደሚያስከፍል ሳያሰላ ቀረ።

ቢሆንም ቤቱን ማየት አይከፋም ብለን ቅዳሜ ወጣን፤ እኔና ጓደኛዬ። ሁለቱ ጎረቤታሞች መሃል ኦሮሚያ አለች፤ ከአንዱ ወደሌላው ለመሄድ የሦስተኛ ወገን ክልል ታቋርጣለህ። ደንገጎ ላይ ጆሯችን ተደፈነ። ሐረማያ ላይ መስኮት ተዘጋ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የድሬ ሰው በገዛ እጁ መስኮት ሲዘጋ ማየት ብርቅ ነው። አወዳይ ላይ ጓደኛዬ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ወረደና በሃያ ደቂቃው አንድ እስር ጫት ይዞ ተመለሰ። «ይሄንን ቅናሽ ጻፈው» አለኝ።

ፈረስ መጋላ ላይ ደላላው ተቀበለን። አሮጌ ፔጆ ውስጥ አስገብቶ ወደ ፈላና በር ወሰደን። ቤቱ ንጹሕ ነው። ግቢው ውስጥ ጥላ አለ። ደላላው ስለ ጸጥታው አወራልን። «ማታ ጅብ በበሩ ያልፋል፤ ሌባ አይደፍርም። ዘበኛ አትቀጥርም» አለ። ጓደኛዬ ይህንንም ቅናሽ አለው።

አከራይዋ ነጭ ሻሽ ያሰሩ እናት ናቸው። ወንበር ሰጡን፣ ሆጃ አቀረቡልን፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁ። ስለ እናቴ እንዳይጠይቁ ቶሎ ጣልቃ ገባሁ።

«ውሃስ እንዴት ነው፣ እማማ?»

«በፈረቃ ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣላችሁ?» አልኩ፣ ለወሬ ያህል።

ስኒውን አስቀመጡና በደንብ አዩኝ። «ከእናንተ ነዋ! ከድሬ! የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬ ጃራ ጉድጓድ ሽቅብ ተገፍቶ አይደል የሚመጣው? አንተ የዚያ ሰው ሆነህ አታውቅም?»

አንገቴን ደፋሁ። እኔ ግብር ሳነጻጽር ውሃው ቀድሞኝ ተዛውሯል። ያውም ያለ እድር፣ ያለ ብርድ ልብስ፣ ኬላ ላይ ደረሰኝ ሳይጠየቅ።

«ታዲያ ይሄን ሳምንት የት ጠፋ?» አሉ እማማ፣ ሁለታችንንም እያፈራረቁ እያዩ። የቀይዋን ጄሪካን ክዳን ከፍተው ባዶነቷን አሳዩን። ላኪዎቹ እኛ ነን፤ መልስ ይገባቸዋል።

ጓደኛዬ ሆጃውን ፉት አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወላሂ እናቴ» አለ፣ «ስንወጣ መንገድ ላይ አላገኘነውም።»