መሪ ላይ ቀልድ የለም!

ዛሬ ካልተነፈስኩ አልተኛም። መኪናዬን ከጋራዥ አወጣኋት። አወጣኋት ስል አስጎትቼ ነው። በዚያ መሪ ግን የዓለም ሀብት ቢሰጡኝ አልነዳትም!

ነገሩን ታውቁታላችሁ፣ ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለኝም። የአባዬ 40 ሲሪየስ ላንድክሩዘር፣ እ.ኤ.አ. የ1978 ሥሪት። ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለት መሪን በዘይት ግፊት የሚያቀለው፣ ይግባላት አልኩ። በቃ፣ ይኼው ነው ጥፋቴ የተባለው። ስትሄድ እኮ ቀላል ናት። ስትቆም ግን ሌላ ጉድ ናት። መርካቶ ጠባብ ቦታ ላይ ልታቆሟት ስትሞክሩ መሪዋ ግድግዳ ነው። ሰፋፊ ጎማ ካሰርኩላት ወዲህ ደግሞ ባሰባት። «ሴት ስለሆንሽ ነው የከበደሽ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አባዬ ጉልበቱ በሰፈሩ የታወቀ ሰው ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሱም ትከሻውን ይዞ ነበር ከመኪናው የሚወርደው። ድንጋያማ መንገድ ላይ ጎማው ቋጥኝ ሲመታ መሪው በድንገት ይሽከረከርና አውራ ጣት ያገኛል። ለዚህ ነው አባዬ «አውራ ጣትሽን ከመሪው ውስጥ አውጪ» እያለ ያሳደገኝ።

ያዘዝኩት ነገር ግልጽ ነበር። የ60 ሲሪየስ ላንድክሩዘር የመሪ ሳጥን፣ ማለት የመሪውን ዙር ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው፣ ከነዘይት ፓምፑ። እንደው ደስ ስላለኝ አይደለም የመረጥኩት። 60ው ከፋብሪካ ፓወር ስቲሪንግ ይዞ የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቤንዚን 60ዎች ሞተርም ያው የኔዋ 2ኤፍ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑና ማሰሪያው ሞተሩ ላይ ብዙ ጣጣ የለበትም። የ40ዋ የራሷ አሠራር ጠመዝማዛ ነው። የመሪው ዙር ከሳጥኑ ተነስቶ መሃል ላይ ወዳለው ሴንተር አርም የሚባል አቀባይ ክንድ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎማ ይሄዳል። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ክፍተት ሲደመር መሪው ባዶውን ይዞራል።

ሳጥኑን ለማግኘት ያየሁትን አበሳ አልነግራችሁም። እሺ፣ ትንሽ ልንገራችሁ። ሶማሌ ተራ ያልጠየቅኩት ደላላ የለም። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዝገት ሳይቀር በዶላር ነው የሚታሰበው። አንዱን «ይሄ ዕቃ እኮ ብሩ ሳይረክስ በፊት የገባ ነው» ብለው «የዛሬውን ምንዛሪ አላየሽም?» አለኝ። የሚገርመው ለኔ የነገረኝን ዋጋ ለወንድሜ ሲነግረው ቀነሰለት። ለወንድሜ! መንጃ ፈቃድ እንኳን ለሌለው ልጅ!

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ሥራው ሳይጀመር በፊት መካኒኩን አንድ ነገር ለምኜው ነበር። የመሪ ሳጥኑ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ፣ መኪናዋን በተሸከመው የብረት አጽም ላይ ነው። የ40ዋ ሻንሲ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ብሎን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አሳልፋችሁ ስታጠብቁ ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይጨመቃሉ። ስለዚህ ወፍራም የብረት ቱቦ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ ይገባል፣ በሁለቱም ጫፍ ይበየዳል፣ ብሎኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ያኔ የፈለጋችሁትን ያህል አጥብቁት፣ ሻንሲው ንቅንቅ አይልም። ይሄን በወረቀት ስዬ ሰጠሁት። በአንቱታ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ብቻ አይርሱብኝ» ብዬ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ዛሬም እዚያው ኪሱ ውስጥ ሳትኖር አትቀርም።

ዛሬ «አልቋል፣ ነይ ውሰጂ» ተባልኩ። ወንድሜ ዕቃ ሊያግዘኝ አብሮኝ መጣ። ገና እንደገባን ሰውየው እኔን አልፎ የወንድሜን እጅ ጨበጠ።

«ወንድም፣ መኪናህ በአንድ ጣት ነው የምትዞረው!»

«የሷ ናት» አለ ወንድሜ።

«እሺ፣ ግን አንተ ሞክራት።»

ዝም ብዬ ካርቶን አንጥፌ ስሯ ገባሁ። ስልኬን አብርቼ አየሁ። ቱቦ የለም። ብሎኖቹ በባዶው ሻንሲ አልፈው ታስረዋል። በብሎኑ ዙሪያ ብረቱ ጎድጉዷል። ላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ እንዳይታይ። ወንድሜን «ሞተሩን አስነሳና መሪውን ቀስ ብለህ አዙር» አልኩት። ጎማው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሳጥኑ ራሱ ተንቀሳቀሰ! በዓይኔ ነው ያየሁት። ፓምፑ ይጮሃል፣ ዘይቱ አረፋ ሆኗል፤ ማለት አየሩ አልወጣለትም። ዘይቱ የሚያልፍበት የላስቲክ ጎማ ደግሞ ከሞተሩ የጭስ መውጫ ብረት ጋር ተጣብቋል። ያ ጎማ ተቃጥሎ ዘይቱ የጋለ ብረት ላይ ቢፈስ እሳት ነው።

ወጣሁና «ጋሼ፣ ቱቦው የት አለ?» አልኩት።

«የምን ቱቦ?»

«የሳልኩልዎት። ሻንሲው እንዳይጨመቅ።»

«እህቴ፣ ሻንሲ ብረት ነው። ብረት አይጨመቅም።»

«ተጨምቋል እኮ። ጎድጉዷል። ይዩት።»

ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ አደረገውና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀለም ነው።» ቀለም! ልጆቹ በሙሉ ሳቁ። ከዚያ «ይሄን ሁሉ ከዩቲዩብ ነው የሰማሽው?» አለና ወደ ወንድሜ ዞሮ «እህትህ ትጨነቃለች፣ ምንም አይሆንም በላት» አለው። እኔ ፊቱ ቆሜ! በእንግዳ አፍ የምናገር ይመስል!

ምንም አይሆንም? እኔ በዚህ መኪና እናቴን ይዤ ደብረ ሲና ነው የምወርደው። የጣርማበርን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዋሻውን አልፋችሁ ስትወርዱ በአንድ በኩል ገደል ነው፣ ጉም ከወረደ ደግሞ አፍንጫችሁ ስር ያለው መኪና አይታይም። እዚያ ላይ የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ቢላቀቅ ማን ነው የሚጠየቀው? ፍሬን ቢያስቸግር በካምቢዮ ይያዛል። መሪ ከሄደ ምን ይዛችሁ ትቀራላችሁ?

«እሺ፣ የድሮውን መልሱልኝ። ሳጥኑንና ሴንተር አርሙን ስጡኝ» አልኩ። ዕቃ አቀባዩ ልጅ መሬት መሬት ያያል። ሰውየው ግን ሳያፍር «እሱንማ ለቁራሌው ሰጠነው» አለኝ። የአባዬን ዕቃ! ሳይጠይቁኝ! ባሌስትራ ሲቀይር እንኳን አሮጌውን ቆጥሮ ይረከብ የነበረ ሰው ንብረት ለቁራሌ!

ቀብዱን ስጠይቅ ሥራው ስላለቀ ቀሪውን ክፈይ ተባልኩ። ልብ አድርጉ፣ እኔ ነኝ ከፋይዋ። ከዚያ በላይ «ለልጆቹም የሻይ» ተጨመረበት። ሲስቁብኝ ለዋሉት!

አጎቴ ጋ ደውዬ ሳለቅስ «ሽጫትና ቪትዝ ግዢ» አለኝ። እሱ ሁልጊዜ መፍትሔው ሽጪ ነው። የሰፈሩ ጎሚስታም እንደዚሁ። «ቁርጥራጭ ብረት ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። የቪትዝን ዋጋ ማን ይንገራቸው? በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለው ራሱ አይቀመስም። ደግሞስ ቪትዝ የእናቴን አገር ጭቃ ይወጣዋል? ደክሞኛል። እውነት ደክሞኛል። ማንም የማይረዳኝ ነገር ይህን መኪና መውደዴ ነው፤ በሯ ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ስሰማ አባዬ የመጣ ይመስለኛል።

መቼም አልተዋትም። ሻንሲው ከጎደጎደበት ቦታ ተከፍቶ በትክክል መሠራት አለበት፣ ስንጥቅ ካለም አሁኑኑ መታወቅ አለበት። እባካችሁ፣ ቶርኖ ላይ እጁ የተፈታ፣ ሻንሲ ሲበይድ ቀለም ቀብቶ የማይሸፍን ባለሙያ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የ40 ሴንተር አርም ያለው ሰው ካለም እገዛለሁ። ብቻ ዋጋውን ለኔ ይንገረኝ፤ ወንድሜ መኪና አይነዳም።