የግራር ሙጫ አምበር አይሆንም
በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ፣ በአምበር (ለብዙ ዘመን ተቀብሮ እንደ ድንጋይ በጠነከረ የዛፍ ሙጫ) ውስጥ ስለተገኘው፣ 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስላስቆጠረውና ዘሩ ስለጠፋው ስፌኮሚርማ የተባለ ጉንዳን የቀረበውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። መንጋጋው አጭርና ባለ ሁለት ጥርስ ሆኖ ተርብን ሲመስል፣ የጉንዳን መለያ የሆነው የደረት ዕጢ ግን ያለው መሆኑ በጥሩ አማርኛ ተብራርቷል። ሆኖም ማንኛውም የዛፍ ሙጫ ጊዜ ካገኘ አምበር ይሆናል መባሉ መታረም አለበት። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው ግቢያችን ከግራር በወረደ ሙጫ ላይ አንድ ጉንዳን የኋላ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ አይቼ ነበር፤ የሰኔ ዝናብ ግን ሙጫውንም ጉንዳኑንም በሁለት ቀን አጥቦ ወሰዳቸው። የግራር ሙጫ በውሃ ይሟሟልና፤ አምበር የሚሆነው እንደ ጥድ ካሉ ዛፎች የሚወጣው፣ ውሃ የማያሟሟው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. 95 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው ተብሎ ይፋ የሆነውና ኋላ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ተብሎ የታረመው፣ ጉንዳን ጭምር የተገኘበት የአገራችን አምበር ሳይነሣ መቅረቱም ቅር አሰኝቶኛል።