ፈቃዱ በማን እጅ ነው?

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማርሳ በምትባል ከተማ አደባባይ ዳር የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወንዶች ይቆማሉ። ጫማቸው ሲሚንቶ ጠጥቶ ነጥቷል፤ ምሳቸውን በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል። አንድ ፒካፕ ቀስ ይላል፤ ሾፌሩ በመስኮት ሁለት ጣት ያሳያል፤ ስምንት ሰው ይሮጣል። ሁለቱ ተሳፍረው ይሄዳሉ፣ ስድስቱ ወደ ጥጋቸው ይመለሳሉ። ባለፉት ዓመታት እዚያ ከቆሙት መካከል ሱዳናዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ኤርትራዊ፣ የእኛም ልጅ አለበት። ብዙዎቹ ከሊቢያ በጀልባ የተሻገሩ ናቸው።

አገሪቱ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ያለችው የአውሮፓ ኅብረት አባል ማልታ ናት። ደሴቶቿ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሆኑ ከአዲስ አበባ ታንሳለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው ቆጠራ የውጭ ዜጋው ከሃያ ነዋሪ አንድ ያህል ነበር፤ በ2021 ግን ከ519,562 ነዋሪዎች ከአምስት አንድ በላይ ሆኗል። ሆቴሉን የሚያጸዳ፣ ፎቁን የሚገነባ፣ አረጋዊውን የሚያጥብና የሚያለብስ፣ ምግብ በሞተር ብስክሌት የሚያደርስ ባዕድ ነው። ስለዚህ «ማልታ ሥራ ይገኛል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ይገኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሠራተኛ የሚሰጠው የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ በአንድ ወረቀት የተጠቃለለ ሲሆን፣ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። አሠሪው ካሰናበተው እንጀራው ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ የመኖር መብቱም አብሮ ይናጋል። ለዓመታት እንዲህ ያለ ሰው ሌላ አሠሪ እንዲፈልግ የሚሰጠው ጊዜ አሥር ቀን ብቻ ነበር። አሥር ቀን! የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ለአገር ቤት የሚልከውን ሳይልክ፣ የተበደረውን ሳይመልስ። በ2025 በወጣው አዲስ ፖሊሲ ጊዜው ወደ 30 ቀን ከፍ ማለቱ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም።

አይበቃም የምለው ደሴቱ ጠባብ ስለሆነ ነው። በሰፊ አገር የተበደለ ሰው ከተማ ቀይሮ ሌላ በር ያንኳኳል። በማልታ በመኪና ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ አሠሪና አሠሪም ይተዋወቃሉ። «ያ ሰው ክስ ይወዳል» የሚል አንድ ቃል ከሠራተኛው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ዝም ይባላል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀር፣ መወጣጫው ሲላላም። በ2021 መስከረም ላይ አንድ አፍሪካዊ ሠራተኛ ከሕንፃ ወድቆ ሲጎዳ፣ ያሠራው ሰው በመኪና ጭኖ ሆስፒታል በማድረስ ፈንታ መንገድ ዳር ጥሎት ሄደ። አገሪቱ ደነገጠች፤ መደንገጧም እውነተኛ ነበር። እኔ ግን ያ ሰው እንዲህ ለማድረግ እንዴት ደፈረ ብዬ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ማልታውያን ክፉዎች ናቸው አልልም። ቋንቋቸው ራሱ ለጆሯችን ዘመድ ነው፦ ራስ «ራስ»፣ ደም «ደም»፣ ሰማይ «ሴማ» ይባላል፤ ዳቦ ሲጠሩ ደግሞ «ሆብስ» ይላሉ፣ ኅብስትን የሚያውቅ ሰው ልቡ ሳይሞቅ አያልፍም። ዳቦ ቤት ቆሜ ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁበትን ቀን አልረሳም። ክፉው ሠራተኛን የአሠሪው ንብረት አድርጎ የሚያኖረው አሠራር ነው።

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያሻሻለው፣ ይህንኑ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ የሚመለከተው መመሪያ ሠራተኛው አሠሪ የመቀየር መብት እንዲኖረው፣ ሥራ ቢያጣም ቢያንስ ሦስት ወር ፈቃዱ እንዳይነጠቅ ያዛል፤ አባል አገሮች በሕጋቸው እንዲያካትቱት የተሰጣቸው ገደብ ግንቦት 2026 ነው። ማልታ ይህን በሙሉ ልብ፣ ሳትሸራርፍ ልትፈጽመው ይገባል። እኛም ልጆቻችንን ስንሸኝ ደመወዙን ብቻ መጠየቅ እናቁም። ገንዘቡን ለደላላ ከመቁጠራችን በፊት፣ ሥራው ቢቀር ስንት ቀን እንደሚሰጣቸው በጽሑፍ ያሳየን።